ትዕግስትን ለተበደለ ሰው ብቻ አናዝዝ

ይድረስ ለአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ፣ ድሮ ከአዟሪ ላይ እየገዛሁ አሁን ደግሞ በስልክ፣ ግን ጽፌላችሁ አላውቅም። ሰሞኑን በሃይማኖት ዓምዳችሁ ስለ ትዕግስት የወጣው ጽሁፍ ነው ያስነሳኝ። መጥፎ ነው አልልም፣ አብዛኛው ደስ ይላል፣ ጥቅሶቹም በቦታቸው ናቸው። መሃል ላይ ግን ክርስቲያን ማለት የደረሰበትን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ዝም የሚል ሰው ነው ይላል፣ ከዛ ሳይዘገይ ሴቶቻችን ይሄን ትዕግስት ስላጡ ነው ትዳር የሚፈርሰው ብሎ ቁጭ። እኔና ጸሐፊው እንግዲህ እዚህ ጋ ተለያየን።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። አንድ የመንግስት መስሪያ ቤት መስኮት ላይ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ከባለጉዳይ ጋር ነው የምውለው፣ ስለዚህ ስለ ትዕግስት የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም (ከመጽሐፉም ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት)። እና ስታዘበው ትዕግስት እኛ ጋ ለሌላ ሰው የምናዘው መድኃኒት ሆኗል፣ ራሳችን አንቀምሰውም። ሲስተም ይጠፋል፣ አንዳንዴ እውነት ይጠፋል አንዳንዴ ደግሞ ሰራተኛው ነው የሚጠፋው፣ ከገጠር በለሊት ተነስተው ፋይላቸውን በፌስታል ጠቅልለው የመጡ አባት መስኮቱ ስር ቆመው ሲጠይቁ «አባባ ትንሽ ይታገሱ እንጂ» ይባላሉ፣ እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ጥግ ይይዛሉ። ይህንኑ «ይታገሱ» ያለው ልጅ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ አንድ ሰው ጣልቃ ሲገባበት እዩት፣ ሰፈር ይሰማል! መኪና ያለው ደግሞ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ክላክሱን ይጀምረዋል።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ጌታ በምሳሌ ተናግሮታል። ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን ባለ ዕዳ አስታውሱት፣ አስር ሺህ መክሊት ያለበትን። ንጉሡ ፊት ወድቆ «ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» አለ፣ ተማረለት። ወጣ፣ በሩ ላይ መቶ ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አገኘና አነቀው፣ ያኛውም በተራው ወድቆ ያንኑ ቃል ነው ያለው፣ «ታገሠኝ»። የሚገርመኝ ሁሌ እሱ ነው፣ ሰውየው ያ ቃል ከአፉ ከወጣ ገና ግማሽ ቀን አልሞላውም እኮ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ግን አላወቀውም።

አሁን ወደ ጸሐፊው ጥቅስ ልምጣ። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5ን ጠቅሰዋል፣ ገበሬው የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ እስኪያገኝ እንደሚታገስ እናንተም ታገሡ የሚለውን። ቆንጆ ቃል ነው፣ ግን ከቁጥር 7 ነው የጀመሩት። ከቁጥር 1 ቢጀምሩ ምን ነበረበት? እዚያ ላይ ሐዋርያው የሚናገረው ለሀብታሞች ነው፣ ያጨዱላችሁ ሰራተኞች ደመወዝ፣ እናንተ የቀማችሁት፣ ይጮኻል፣ የአጫጆቹም ድምፅ በእግዚአብሔር ጆሮ ገብቷል ይላቸዋል። በመጀመሪያ ቀሚውን ገሰፀ፣ ከዛ ነው ወደ ተቀማው ዞሮ ወንድሞቼ ሆይ ታገሡ ያለው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን፣ የመጀመሪያውን ስድስት ቁጥር እንዘልና ለተቀማው ብቻ እንሰብካለን፣ ቀሚው ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አሜን ይላል። ደመወዝ ሦስት ወር ያልተከፈለው ዘበኛ ጋ ሄዶ «ኢዮብን አስብ» ማለት ቀላል ነው፣ አሰሪውን «ክፈል» ማለት ግን ከባድ ነው፣ ምክንያቱም አሰሪው ለቤተክርስቲያኑ ግንብ ሲሚንቶ አምጥቷል።

ኢዮብ ራሱ ደግሞ እንደምናስበው ዝም ያለ ሰው አይደለም። በመጀመሪያው ላይ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ» ያላትን ብቻ ይዘን ነው የምንሄደው፣ ቀጥሎ ያለውን ማን ያነበዋል። ጓደኞቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ (በነገራችን ላይ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ሁሉ ስህተት ነው፣ ይቺን ሰባት ቀን ግን ማንም አይወስድባቸውም፣ እኛ ለቅሶ ቤት ለሰባት ደቂቃ ዝም ማለት አንችልም)። ከዛ ኢዮብ አፉን ከፈተና የተወለደበትን ቀን ረገመ። ምዕራፍ ሙሉ። ከዛም በኋላ እግዚአብሔርን ተከራከረ፣ ጠየቀ፣ አለቀሰ፣ ብቻ ትቶት አልሄደም። ጓደኞቹ ናቸው «ዝም በል፣ የሆነ ነገር አጥፍተህ ነው፣ ቻለው» ሲሉ የነበሩት። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው ማንን ነው? ጓደኞቹን! እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው፣ ወደ ኢዮብ ሄደው እሱ ካልጸለየላቸው አልተማሩም። ያዕቆብም «ኢዮብ እንደ ታገሠ ሰምታችኋል» ሲል ይሄን ሁሉ የጮኸውን ኢዮብ ነው ታገሰ ያለው። ስለዚህ መታገስ ማለት ድምፅ ማጥፋት ከሆነ ኢዮብ በመጀመሪያው ዙር ወድቋል ማለት ነው።

ግን እኔን በጣም የሚገርመኝ ኢዮብ ሳይሆን መፃጉዕ ነው። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሁድ በሱ ስም ነው የሚጠራው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ያ 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያዋ ዳር የተኛው ሰው (ውሃው ሲናወጥ ቀድሞ የወረደ ነበር የሚድነው)። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው የመለሰው መልስ የኛን ከተማ ይመስለኛል። ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም፣ እኔ ስመጣ ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል። ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል! እኔ እኮ ይሄን ቃል መስኮቴ ላይ በየቀኑ ነው የምሰማው፣ ሰልፍ ይዘው ጠዋት የመጡት ቆመው በጓሮ በር የመጣው ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል። ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኑ የተኙት ሁሉ እየዘለሉት ነው የወረዱት። አንድም ሰው፣ አንድም፣ ዛሬ የሱ ተራ ይሁን ያለ የለም። ጌታ ደግሞ መጥቶ አይዞህ ሌላ ሁለት ዓመት ታገስ 40 ትሞላለህ አላለውም፣ ተነሳና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ ነው ያለው።

አሁን ቀጥሎ ያለውን ስሙ። አባቶች ሲያስተምሩ በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው ይሄው መፃጉዕ ነው ይላሉ። ልጅ ሆኜ የኔታ ይሄንን ሲነግሩን ክፍሉ ሁሉ ነው የጮኸው፣ «ያዳነውን?!» ብለን። 38 ዓመት የተኛው ሰው፣ 38 ዓመት የጠበቀው ሰው፣ ያነሳውን ጌታ በዳነ እጁ መታው። እኔ ከዚህ የተረዳሁት ብዙ መጠበቅ ብቻውን ሰውን ታጋሽ አያደርግም። ሰው ረጅም ዓመት ሲጠብቅ ውስጡ ቂም ሊያጠራቅም ይችላል፣ ምሬት ሊያጠራቅም ይችላል፣ ጥርሱን ነክሶ ነው እንጂ ታግሶ አይደለም የቆየው። እንደዚህ ያለ ሰው ተራው ደርሶ ሲነሳ መጀመሪያ ያገኘውን ነው በጥፊ የሚለው። እስኪ ዙሪያችሁን እዩ፣ ስንት ዓመት በድህነት በእስር በስደት ታገሱ የተባሉ ሰዎች ስልጣን ወይ ገንዘብ እጃቸው ሲገባ ምን ሆኑ? ስም አልጠራም።

የተመታውስ ምን አለ? እዚህ ጋ ነው ጸሐፊውን በትህትና እንዲመለሱበት የምለምናቸው። ጌታ ዝም አላለም። ዮሐንስ 18 ቁጥር 23፣ ክፉ ተናግሬ እንደሆነ ስለ ክፉ መስክር፣ መልካም ተናግሬ እንደሆነ ግን ስለምን ትመታኛለህ? አለው። ጥፊውን አልመለሰለትም፣ እጁን አላነሳም፣ አልረገመውም፣ ጥያቄውን ግን ፊት ለፊት ጠየቀው። ስለምን ትመታኛለህ። ይሄ ትዕግስት ካልሆነ ምን ትዕግስት አለ? እና አንዲት ሴት ባሏ ሲመታት ይሄንኑ ጥያቄ ብትጠይቅ፣ ብትናገር፣ ለሽማግሌ ብትል፣ ፖሊስ ጋ ብትሄድ እንዴት ነው ትዕግስት ያጣችው የምትባለው?

ይሄ ለኔ ወሬ አይደለም። ሰፈራችን አንዲት ልጅ ነበረች፣ ባሏ ሲጠጣ ይደበድባታል፣ እናቷም ጎረቤቱም እድርተኛውም «ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» ነው ምክራቸው፣ ዓይኗ ስር በልዞ ቡና ላይ ቁጭ ብላ ሁላችንም ስኳር ስንት ገባ እያልን እናወራለን። በመጨረሻ የንስሐ አባቷ ጋ ሄደች። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ሁሉም ሰው እሳቸውም ቻይው ይሏታል ብሎ ነው የጠበቀው። እሳቸው ግን «ልጄ መጀመሪያ ልጆችሽን ይዘሽ ከዛ ቤት ውጪ፣ ትዕግስቱን ውጭ ሆነሽ እንማረዋለን» አሏት፣ ባልየውንም በሌላ ቀን ጠርተው ምን እንዳሉት አላውቅም ቀኖና እንደሰጡት ግን ሰፈር ሰምቷል። አሁን እሷ ለብቻዋ ነው የምትኖረው፣ ስለሱ ክፉ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም፣ ልጆቹንም አባታቸውን እንዲጠሉ አላደረገችም። ትዕግስቱ ይሄ ነው እንግዲህ፣ ከዱላው ስር መቆየቱ አልነበረም።

አሁን ታዲያ ትዕግስት እንዴት ነው የሚለመደው ብትሉኝ፣ ጸሐፊው ጸልዩ ብለው አልፈውታል፣ ልክ ናቸው ግን አነሰብኝ። ቤተክርስቲያናችን እኮ ማለማመጃውን ሰርታ ነው የሰጠችን። ጾም ምንድነው? ምግብ የለም ማለት አይደለም፣ ምግቡ አለ፣ ሽታው ከጎረቤት ይመጣል፣ አንተ ግን ሰዓቱን ትጠብቃለህ። 55 ቀን ስታደርገው የሆነ ነገር ሰውነትህ ውስጥ ይገባል፣ አሁን ያማረኝ ነገር አሁኑኑ ካልሆነ አልሞትም የሚል ነገር። አሁን አሁን ግን የጾም ኬክ የጾም በርገር የጾም ማኪያቶ ወጣና ከቅባቱ በስተቀር የቀረብን ነገር የለም፣ ምላሳችን ግን አልጾመም። ዓይንም ይጹም አንደበትም ይጹም ብለን በየዓመቱ እየዘመርን ከቅዳሴ ወጥተን ፓርኪንግ ላይ እንሰዳደባለን። «ጾመኛ ነኝ አትነካካኝ» የሚለው አባባልማ መቼም! ጾመኛ ከሆንክማ ልትነካ የሚገባህ አንተ ነህ። ቅዳሴውም እንደዛው ነው፣ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሳይል ግማሹ ጫማውን አድርጎ ወጥቷል፣ የት እንደሚሄድ ብትጠይቁት እሱም አያውቅም፣ ስልኩን ሊያይ ነው።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ ማንሳት አለብኝ ምክንያቱም በትዕግስት ላይ ሰው ሲሰብክ ትሏን ሳያነሳ አይወርድም። ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ሲገረፍ አምልጦ ወጣ፣ ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ትሏ ዛፉ ላይ ለመውጣት ስትወድቅ ስትነሳ ስትወድቅ ስትነሳ መጨረሻ ላይ ስትወጣ አየ፣ ተመለሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተማረ፣ ዛሬም ድረስ በዜማው እንቀድሳለን። እሺ። ግን የትዕግስቱን ትምህርት ሁሌ ለተማሪው ብቻ ነው የምናደርገው። መምህሩ አጎቱ ጌዴዎን እኮ ነበሩ፣ ትዕግስታቸው አልቆ ልጁን የገረፉት እሳቸው ናቸው፣ ስለሳቸው የሚሰብክ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አስተማሪ ሁሉ፣ ወላጅ ሁሉ፣ አለቃ ሁሉ ራሱን ትሏ ጋ ያስቀምጣል፣ ጌዴዎን ጋ የሚያስቀምጥ የለም።

አንድ ሰው ልንገራችሁና ላብቃ። ከኛ ግቢ ጀርባ ያለች ጎረቤቴ እናቷ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ከስራ በኋላ አንዳንዴ ቡና ልጠጣ እሄዳለሁ። እማማ ከአልጋቸው ጠርዝ ላይ ነጠላቸውን እያጣጠፉ «ልጄ ዛሬ ማነው?» ይላሉ፣ ቀኑን ማለታቸው ነው። እሷም «ዛሬ ሚካኤል ነው እማዬ» ትላለች። «ውይ የኔ ጌታ፣ ሳልሳለመው!» ብለው ይደነግጣሉ። ሲኒው ሳይቀዳ እንደገና «ልጄ ዛሬ ማነው?»። «ሚካኤል ነው እማዬ»። «ውይ የኔ ጌታ፣ ሳልሳለመው!»። እንደዛ ነው እስከ በረካ ድረስ፣ እሷ አንዴም «አልኩሽ እኮ» ስትል አልሰማሁም፣ ልክ መጀመሪያ እንደተጠየቀች ነው የምትመልሰው፣ ድምጿ ራሱ አይቀየርም። እኔ እንግዳዋ በአምስተኛው ላይ ጥርሴን መንከስ ጀምሬያለሁ። እንዴት ነው ግን የምትችይው ብላት ሳቀች፣ «ማን ቻለው» አለችኝ፣ «ሲበዛብኝ ጓዳ እገባና ድስቱን እያማሰልኩ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ አንዳንዴ ሦስቴ አንዳንዴ ሰባቴ፣ ከዛ እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ አልቅሼ ነው የምወጣው። መጀመሪያ አካባቢ እጮህባት ነበር፣ አሁን ግን ጓዳ የምገባበትን ሰዓት ለይቼ አውቄዋለሁ።» ወንድሞቿ ደግሞ (ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ ውጭ ሀገር) በስልክ «አንቺ እኮ ትዕግስቱን እግዚአብሔር ሰጥቶሻል፣ የተባረክሽ ነሽ» ይሏታል፣ ይሄ ንግግር ምን ያህል እንደሚያናድዳት ልነግራችሁ አልችልም። ትዕግስቱ ለሷ ተሰጥቶ እነሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰዓት እንኳን እንዳይመጡ ነጻ አወጣቸው ማለት ነው? አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ቤቱ በታክሲ ሁለት ጉዞ ነው።

ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ እንግዲህ ይሄ ነው። ስለ ታጋሿ እህት ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ወንድሞቿ ይጻፍልን። ስለሚደበድበው ባል፣ ደመወዝ ስለያዘው አሰሪ፣ ከኔ መስኮት ጀርባ ሲስተም የለም ብሎ ቡና ስለሚጠጣው ሰራተኛም ይጻፍ፣ አለቃዬ ጋዜጣ አያነብም ችግር የለውም። ለሚቀጥለው ሁዳዴ የመፃጉዕ ሳምንት ላይ ቢወጣ ደስ ይለኛል፣ ያኔ ሰው ጆሮው ክፍት ነው። እስከዛው መልስ ካላቸውም አነባለሁ፣ ብቻ በቅዳሜ እትም ይሁን፣ በስራ ቀን መስኮቱ አያስነብብም።

አክባሪያችሁ፣
የመስኮቷ ሰራተኛ
ከአዲስ አበባ